«ነርቩን ያቃጥሉልሻል» ለተባሉ የወገብ ሕመምተኞች

አንድ ማለዳ ከፋርጣ ገጠር የመጡ አንዲት እናት በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ባዶ የዲክሎፌናክ ማሸጊያ አስቀምጠው «ይህንኑ ስጪኝ ልጄ» አሉኝ። ወገባቸውን ከታመሙ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ከሱጁድ መነሳት ስላቃታቸው ቁጭ ብለው መስገድ ጀምረዋል። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ደውላ «አዲስ አበባ ሂጂ፤ ነርቩን በማሽን ያቃጥሉልሻል፣ ከዚያ ወዲያ አያምሽም» ብላቸዋለች። ለጉዞውና ለሕክምናው ጊደራቸውን ሊሸጡ ከገዢ ጋር ተነጋግረዋል። «ለመሆኑ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሕክምናው እውነት ነው። «ከዚያ ወዲያ አያምሽም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ለእሳቸው ሕመም ይሆናል ወይ የሚለው ደግሞ ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ሕክምናው ሬዲዮፍሪኩዌንሲ ይባላል። የአከርካሪ አጥንቶቻችን ከኋላ በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ በትናንሽ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ። በዕድሜና በሸክም ብዛት እነዚህ መገጣጠሚያዎች ሲያረጁ ሕመማቸውን የሚያስተላልፉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ሐኪሙ በራጅ ማሽን እያየ ቀጭን መርፌ ወደ ነርቩ ያስጠጋል፤ በመርፌው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጫፉን እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሞቀዋል። ከአንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ባለ ጊዜ ውስጥ ነርቩ ሥራውን ያቆማል። መገጣጠሚያው ግን አልተጠገነም፤ ዝም እንዲል የተደረገው ወሬ አድራሹ ነው። ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

አንዳንዶቻችሁ «ይህማ መተኮስ አይደል?» ትሉ ይሆናል። በሰሒሕ አል-ቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈውስ ካለባቸው ነገሮች ማርን፣ ዋግምትንና መተኮስን ጠቅሰው መተኮስን ግን አልወደዱትም። በሌላ በኩል ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ በቆሰሉ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው እንደተኮሷቸው በሰሒሕ ሙስሊም ሰፍሯል። ፍርዱን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ። በሙያዬ ግን ልዩነቱን ልናገር፦ በየገጠሩ በጋለ ብረት የሚተኮሰው ቆዳው ነው፤ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፣ ነርቩ ጋ ግን አይደርስም። እዚህ ቆዳው አይቃጠልም፤ በላዩ ላይ የሚቀረው የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው።

አሁን ጊደር ከመሸጥ በፊት ወደሚመጣው ነገር። ሐኪሙ ነርቩን ከማሞቁ በፊት የሙከራ መርፌ ይሰጣል። በተጠረጠረው ነርቭ ዙሪያ ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋና ለሰዓታት ሕመሙ ምን ያህል እንደቀነሰ ይጠይቃችኋል። በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ሕመሙ ከዚያ መገጣጠሚያ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ካልቀነሰ ዋናው ሕክምና ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ በሙከራው ቀን ለሐኪሙ ይሉኝታ አያስፈልግም። «ደህና ነኝ አልሐምዱ ሊላህ» ማለት ልማዳችን ነው፣ መልካምም ነው፤ ነገር ግን ካልተሻላችሁ «አልተሻለኝም» በሉ። የማስታገሻ ክኒንም በዚያ ቀን ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ውጤቱን ያደበላልቃልና።

በሕክምናው ዕለት በሆዳችሁ ትተኛላችሁ፤ ቆዳው ይደነዝዛል። ሐኪሙ ከማሞቁ በፊት ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ እግራችሁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። ይህ ወደ እግር የሚሄደው ትልቁ ነርቭ እንዳይነካ የሚደረግ ጥንቃቄ ስለሆነ ነቅታችሁ መመለስ አለባችሁ። ሴቶች ጀርባ መገለጡ ከከበዳችሁ ሌላው አካል እንዲሸፈን፣ ሴት ነርስ እንድትኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳል፤ «ቤት» ስል ግን በአውቶቡስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ደብረ ታቦር መግባት ማለቴ አይደለም። ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ዘመድ ቤት እረፉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ሕመሙ ይብስበታልና። አንድ ሁለት ሳምንት የመርፌው ቦታ መቁሰልና ማቃጠል የተለመደ ነው። ጥቅሙ እስኪታይ ሦስት አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከተሳካ እፎይታው በአብዛኛው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ነርቩ እንደገና ሲያድግ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ትኩሳት፣ መግል ወይም የእግር መዛል ከመጣ ግን በአፋጣኝ ወደ ሐኪም ነው።

ሐኪሞችም በጥቅሙ ላይ አንድ አይደሉም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሌላው ሕክምና ላልሠራላቸውና የሙከራ መርፌው ለረዳቸው ሰዎች ሊታሰብ ይችላል ብሏል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ የወጣ፣ ከ600 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ግን ሕክምናው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ሲሰጥ፣ እንቅስቃሴው ብቻውን ካስገኘው ውጤት ይህን ያህል የጎላ ለውጥ አላሳየም። እኔ ከዚህ የምወስደው እንቅስቃሴውን አስቀድሞ መሞከርን ነው፤ እሱ ጊደር አያሸጥም።

ወገብ ያመመው ሁሉ ለዚህ ሕክምና አይሆንም። ከወገብ ተነስቶ በእግር እስከ ባት፣ እስከ ተረከዝ የሚወርድ ሕመም በአብዛኛው የዲስክ ነገር ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። ሌሊት የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ትኩሳት ያለው የወገብ ሕመም በአገራችን የአከርካሪ ነቀርሳን ያስጠረጥራል፤ ያልተፈላ ወተት ለሚጠጣ ደግሞ ብሩሴሎሲስን። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ እግር ከከዳ ወይም በጭኖች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ያለ ቀጠሮ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።

ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የምጨምረው አለ። ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም አስፕሪን የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ልባችሁ ላይ መሣሪያ የተተከለላችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የደም ማቅጠኛን በራሳችሁ አታቋርጡ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በረመዷን ሱሑር ሳይበሉ ክኒኑን በውኃ ብቻ የሚውጡ ብዙ አያለሁ፤ ጨጓራን የሚያስመርር ነገር ነው። ስለ መርፌው ለምትጠይቁ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ምግብነት የሌለው የቆዳ፣ የጡንቻና የደም ሥር መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል።

ያን ቀን እናታችንን «ሕመሙ የት ድረስ ይወርዳል?» አልኳቸው። እጃቸውን ከዳሌያቸው አንስተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አወረዱ። ግፊታቸውን ብለካው ከፍ ብሏል። ክኒኑን ከልክዬ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ሐኪም ቤት እንዲታዩ አደረግሁ። የዲስክ ነው ተባሉ፤ እንቅስቃሴ ተሰጣቸው፣ ሸክም ተከለከሉ። እንስራውን አሁን የልጅ ልጃቸው ይቀዳል። ጊደሯ አልተሸጠችም። ዲክሎፌናኩን ግን አልፎ አልፎ ከሱቅ እያስገዙ እንደሚውጡ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ላይ ገና አልተስማማንም።