ትምህርት በኢንተርኔት መስመር፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኙ ጊዜ

ማናቸውም ሸቀጥ ምንም ያህል ቢያምር መንገድ ከሌለው ከገዢው እጅ አይደርስም። ይህን እውነት ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህንኑ በራሳቸው ሥራ አይተውታል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያው ወር ወደየቤታቸው ተሸኙ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የመሠረቱት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ፔዳ፣ ፖሊና ሌሎቹ ግቢዎቹ ጸጥ አሉ። ጸጥታው የጎዳው ተማሪውን ብቻ አልነበረም፤ በተማሪ ገበያ የሚኖሩት በየግቢው በር ያሉ ባለሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ደንበኛ አጡ።

የዚያን ጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ነገሩን በሁለት ከፈለው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን በአካል መማር እስኪቻል እንዲጠብቁ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ደመወዝተኛና የከተማ ነዋሪ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን ብዙው ከየገጠሩ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መምህሩ የትምህርቱን ጽሑፍ እንደ ሙድልና ጉግል ክላስሩም ባሉ ማኖሪያዎች ያስቀምጣል፤ በዙም ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር በድምፅና በምስል ይገናኛል። መስመር የደከመበት ተማሪ ጽሑፉን በቴሌግራም ይቀበላል፤ ጽሑፍ ከምስል ይልቅ ወጪው ያነሰ ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እንዲሠራ አራት ነገሮች በአንድነት ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም መብራት፣ መስመር፣ መሣሪያና የካርድ ገንዘብ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ሦስቱ ከንቱ ይሆናሉ። ለምሳሌ በከተማው አጠገብ በሰባታሚት የሚኖር ተማሪ መስመር አግኝቶ ቢያነብ፣ ከሐይቁ ማዶ በደምቢያ ገጠር ያለው የክፍል ጓደኛው ስልኩን ለመሙላት ብቻ መንገድ መምታት ይኖርበታል። ሁለቱን በአንድ ፈተና መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆን ነበር። ከዚህም በላይ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለ3 ሳምንታት ያህል ስለ ተቋረጠ፣ ሁሉ የተሟላለት ተማሪ እንኳ ቆመ። የፖሊ ወርክሾፕና የጥበበ ግዮን ሆስፒታል የተግባር ሥራም ከመጀመሪያው በመስመር የሚላክ አልነበረም።

ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎች በየተራ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጠሩ፤ ተመራቂዎች ቀደሙ፤ የባከነውንም ጊዜ ለማካካስ የትምህርቱ ዘመን አጠረ።

ከዚህ ነጋዴው የሚወስደው ቁም ነገር አለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ጭምር እንዲሠራ ሆኖ ስለ ተዘጋጀ፣ ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ደንበኛም ይደርሳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ፣ ዋጋውን በቴሌግራም ብቻ የሚያሳውቅ ነጋዴ ከደንበኛው የሚገናኝበትን መንገድ አጣ። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በመዝገብ የያዘው ግን ደውሎ ሥራውን ቀጠለ።

እንግዲህ አስመጪው ኮምፒዩተርና ስልክ ከማስጫኑ በፊት፣ ገዢው መሣሪያውን በምን መብራት እንደሚሞላውና በምን መስመር እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የፀሐይ ኃይል መሙያና ተጨማሪ ባትሪም ከዕቃው ጎን ያስብ። ባለሱቁም በአንዱ መንገድ ብቻ ሳይታመን ሁለተኛውን ያዘጋጅ። ወረርሽኙ አልፏል፤ የመንገድ ጉዳይ ግን ገና አላለቀም።