«መልስ» ስንት ነው?

ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከባሉ። መቶ ብር ሰጥታችሁ ቆሏችሁን ተቀብላችሁ «መልሴስ?» ትላላችሁ። ተርጓሚ ነኝና ይህቺ ቃል ሁሌ ትገርመኛለች።

«መለሰ» ወደነበረበት አመጣ ማለት ነው። ጥያቄው ወደ ጠያቂው ሲዞር መልስ፤ የተረፈው ብር መልስ፤ ለሙሽሮች በሙሽሪት ቤተሰብ ቤት የሚደገሰውም መልስ። ፍርድ ቤት ደግሞ ተከሳሽ መልስ ያቀርባል፣ ከሳሽ «የመልስ መልስ»። ተሳፋሪውም ደርሶ መልስ ይላል።

«አስ» ሲጨመርበት ነገሩ ይከራል። «ገንዘቡን አስመለሰ» ካላችሁ የሰጠውን ተቀበለ ማለት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከተሠራው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ጠመዝማዛውን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ «አስመለሰው» የሚል ከሰማችሁ ግን ቶሎ ፌስታል አቀብሉ።

(ምላስ ዘመዱ አይደለም፤ እሱ ከ«ላሰ» ነው የመጣው።)

ግእዝ ለ«መለሰ» «ሜጠ» የሚል ግስ አለው። ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ከግብፅ መመለሷ «ሚጠት» የሚባለው ከዚያ ነው።

እኔን የሚያስቸግረኝ ጎረቤቱ «ቀለበሰ» ነው። እጅጌን ወይም የጨርቅ ጠርዝን ወደ ውጭ ማጠፍ ነበር፤ ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ «ውሳኔው ተቀለበሰ» ይላል። ውሳኔው «ተመለሰ» ብዬ ብተረጉመው ግን አንባቢ መዝገቡ እንደገና እንዲታይ ወደ ሥር ፍርድ ቤት የተላከ ይመስለዋል። ኮምፒውተር ላይ የተሳሳትነውን ወደነበረበት ለማምጣት የምንጫነው «undo»ስ? «ቀልብስ» የሚሉ አሉ። እኔ «መልስ» እላለሁ፤ ቆሎ ሻጯም ትረዳዋለች።