የፈረስ ሕግና የማሽን ሕግ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሕግ ምሁር ለመሆን

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚደነግግበት ክፍል ውስጥ ተቀራርበው የተቀመጡ አራት በሮች አሉ። አንቀጽ 2071 የእንስሳን ባለቤት ይመለከታል፤ እንስሳው አምልጦት ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱ አይድንም። አንቀጽ 2077 ስለ ሕንፃ ባለቤት ነው። አንቀጽ 2081 የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትን ይይዛል፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። አንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርበውን ሰው ይጠይቃል። አሁን አንድ ባንክ የብድር ጠያቂዎችን የሚመዝን ፕሮግራም ተከራየ እንበል። ፕሮግራሙ አንዲት ነጋዴን ማንም ሊያስረዳት በማይችል ምክንያት ውድቅ አደረጋት፤ ንግዷም ከሰረ። በየትኛው በር ትግባ?

አንድ በአንድ እንሞክር። ማሽን እንዳንለው የሚጨበጥ አካል የለውም፤ ኮምፒዩተሩም ያለው ምናልባት ሌላ አህጉር ነው። የተመረተ ዕቃ እንዳንለው ባንኩ በየወሩ የሚከፍልበት አገልግሎት እንጂ ከመደርደሪያ የተገዛ ነገር አይደለም። እንስሳ ብንለው ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም ምሳሌው ከሌሎቹ ይበልጥ ይቀርባል፦ በራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ባለቤቱ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፣ ጥቅሙን ግን የሚያገኘው ባለቤቱ ነው። ሕጉ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አሳልፎ በመስጠት ከኃላፊነት የሚገላገልበትን መንገድ ሳይቀር አስቦበታል። ለነጋዴዋ ፕሮግራሙን ቢሰጧት ግን ምን ይፈይድላታል? አራቱም በሮች ቢዘጉባት የሚቀራት አንቀጽ 2028 ነው፤ የባንኩን ጥፋት ራሷ ታስረዳ። የፕሮግራሙን ውስጥ ሳታይ እንዴት አድርጋ? እዚህ ላይ ጥያቄው ከኃላፊነት ሕግ ወጥቶ ወደ ማስረጃ ሕግ ይሻገራል።

ወጣት የሕግ ምሩቃን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የማስተማርና የመመራመር ሙያ እንዴት እንደሚጀመር ሲጠይቁኝ፣ ከየትኛውም የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ በፊት እነዚህን አራት አንቀጾች እንዲያነቡ እነግራቸዋለሁ። ጥያቄውን ይዞ አንድ ከሰዓት መቀመጥ የቻለ፣ መዝገብ እያገላበጠ ያልተሰላቸ ሰው፣ ለሙያው የተሠራ ነው።

ይህን የምለው ዘርፉ ራሱ ከጥንቱ የተከራከረበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ ላይ ዳኛ ፍራንክ ኢስተርብሩክ ስለ ኢንተርኔት ሕግ እንዲናገሩ ተጋብዘው ስለ ፈረስ ተናገሩ። ስለ ፈረስ ሽያጭ፣ በፈረስ ስለ ተረገጠ ሰው፣ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ፈቃድ የተሰጡ ፍርዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉን ሰብስቦ «የፈረስ ሕግ» ብሎ ማስተማር ግን ጥልቀት የሌለው ሥራ ነው አሉ። ይልቅ የውልን፣ የንብረትን፣ የጉዳት ኃላፊነትን ጠቅላላ ሕግ ማወቅ ይበቃል ማለታቸው ነበር። ላውረንስ ሌሲግ እ.ኤ.አ. በ1999 በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ መለሱላቸው፦ ሰውን የሚገዛው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የፕሮግራሙ አሠራር ራሱ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፤ ይህን ማጥናት ስለ ሕግ ወሰን አዲስ ነገር ያስተምራል። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ የኢስተርብሩክ ምክር ይሻላል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ የሌሲግ። በቅርቡ የማያቸው ብዙ ጽሑፎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ስለሚጀምሩ ከሦስት ዓመት በላይ ዕድሜ አይኖራቸውም።

በዘርፉ ውስጥ መንታ መንገድ አለ፤ ገና ከጅምሩ ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛው ማሽኑን በሕግ ሥራ ላይ ማዋልን የሚያጠናው ነው፤ ይህ ከሚታሰበው በላይ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የለንደን ተመራማሪዎች የእንግሊዝን የዜግነት ሕግ ወደ አመንክዮ ፕሮግራም ቀይረው አሳይተዋል። በዓመቱ፣ በ1987፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሕግ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦስተን ተካሄደ፤ ዛሬም ይካሄዳል። ሁለተኛው ማሽኑን ራሱን በሕግ ስለመግዛት የሚመረምረው ነው፦ ግላዊነት፣ አድልዎ፣ የቅጂ መብት፣ ኃላፊነት፣ የመንግሥት ውሳኔ። የሁለቱ መንገዶች ሰዎች ለረጅም ጊዜ የሚገናኙት በሻይ ሰዓት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሁን ግን መንገዶቹ እየተቃረቡ ነው።

ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ቴክኒኩን ምን ያህል ማወቅ አለበት? ኮድ መጻፍ ግዴታ አይመስለኝም። ልኩን የሚያሳየው ግን የኮምፓስ ታሪክ ነው። ኮምፓስ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አንድ ተከሳሽ ወደፊት ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድሉን በነጥብ የሚገምት መሣሪያ ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የጋዜጠኞች ተቋም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 የፍሎሪዳ መዝገቦችን መርምሮ፣ በኋላ ወንጀል ካልፈጸሙት መካከል «ከፍተኛ ሥጋት» ተብለው የተፈረጁት ጥቁሮች 44.9 በመቶ፣ ነጮች ግን 23.5 በመቶ መሆናቸውን አሳተመ። የመሣሪያው አምራች በበኩሉ መለሰ፦ አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኙ ጥቁርና ነጭ ተከሳሾች ዳግም የሚያጠፉበት መጠን ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ አድልዎ የለም። ሁለቱም ቁጥር ጠቅሰው ነበር። ከዚያ የሒሳብ ሰዎች መጡና ቁልፉን ገለጡት፦ በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ዳግም የመታሰሩ መጠን ከመነሻው የተለያየ እስከሆነ ድረስ፣ ሁለቱን የፍትሐዊነት መለኪያዎች በአንድ ጊዜ ማሟላት በሒሳብ አይቻልም። አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

መምረጥ ደግሞ የሕግ ሥራ ነው። ንጹሑን ሰው አለአግባብ ማሰር ይከፋል ወይስ አደገኛውን መልቀቅ? ይህን የወንጀል ሕግ ከጥንት ጀምሮ ሲያመዛዝነው ኖሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሉሚስ መዝገብ ላይ መሣሪያው ከማስጠንቀቂያ ጋር እንዲሠራበት ሲፈቅድ፣ ተከራካሪው ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ እንዳያይ የንግድ ምስጢር ጋርዶት ነበር። እንግዲህ የስህተት መጠን ምን እንደሆነ፣ የመቁረጫ ነጥብ ማን እንደሚወስን፣ የሥልጠና መረጃ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ የሕግ ሰው «በሕግ ፊት እኩልነት» ብሎ ቢጽፍ ክርክሩ ያለበት ቦታ አይደርስም። መሠረታዊ ስታቲስቲክስ፣ አንድ ሞዴል እንዴት እንደሚሠለጥን የሚያሳይ አንድ ሴሚስተር፣ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል አንድ እውነተኛ ወዳጅ፤ ለመጀመሪያ እነዚህ ይበቃሉ። ወዳጁ ለጌጥ አይደለም። ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ ፕሮግራሞች በጠቆር ያለ ቆዳ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ፣ በነጣ ያለ ቆዳ ወንዶች ላይ ግን ቢበዛ 0.8 በመቶ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። ሁለቱም የሕግ ሰዎች አይደሉም፤ ስለ አድልዎ ሕግ የሚጽፍ ሰው ግን እነሱን ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል።

የርዕስ ምርጫ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ይሰናከላል። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ረቂቅ የቀረበው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ረቂቁ ውስጥ ያልነበረ የጠቅላላ አገልግሎት ሞዴሎች ምዕራፍም መጨመር ነበረበት። ሕጉ የጸናው ነሐሴ 1 ቀን 2024 ሲሆን፣ ክልከላዎቹ ተፈጻሚ የሆኑት ደግሞ ከየካቲት 2025 ወዲህ ነው። በ2021 የረቂቁን አንቀጾች ሊተነትን ሦስተኛ ዲግሪ የጀመረ ሰው መሐል መንገድ ላይ መሬቱ ከእግሩ ሥር ከድቶታል። «ውሳኔ የሰጠው ማሽን ሲሆን ዜጋው ምክንያቱን የመጠየቅ መብቱ እስከ ምን ይደርሳል?» ብሎ የጀመረው ግን አዲሱን ሕግ እንደ አንድ ተጨማሪ መልስ አስገብቶ ቀጥሏል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። በአሜሪካ የሕግ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ከሦስት ዓመቱ የሕግ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የአንድና ሁለት ዓመት የጥናት ቅጥር ይይዛል፤ በሃርቫርድ ክላይመንኮ፣ በቺካጎ ቢጌሎው የሚባሉት ስማቸው የታወቀ ነው። በዚያ ጊዜ ጽሑፉን ያወጣል፤ በመጸውም የሥራ ገበያው ሲከፈት ጽሑፉን በመምህራን ፊት አቅርቦ ይፈተንበታል። በሕግ ዲግሪው ላይ ሦስተኛ ዲግሪ የጨመረ አመልካችም እየበዛ ነው። በአውሮፓ ሦስተኛ ዲግሪው ራሱ በብዙ አገር ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ በቤልጂየም ሉቨን፣ በሆላንድ ቲልቡርግና ላይደን፣ በኢጣሊያ ቦሎኛ ለዚሁ የቆሙ ማዕከላት አሉ። ለእኛ ቅርብ የሆነው በናይሮቢ ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአእምሯዊ ንብረትና የመረጃ ቴክኖሎጂ ሕግ ማዕከል ነው፤ ለአፍሪካ ጥያቄ ሩቅ መሄድ የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአገራችን መንገዱ ሌላ ነው። ጥሩ ውጤት ያመጣ ምሩቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በረዳትነት ይቀጠራል፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይሠራል፣ እያስተማረም ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። ጫናው ከባድ ነው፤ በሳምንት በርካታ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ጽሑፍ የሚጽፈው ሌሊት ነው። የማሳተሚያ ቦታ ግን አለ። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ፣ የሚዛን ሕግ መጽሔት ከ2007 ጀምሮ አሉ፤ የባሕር ዳር፣ የጅማና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው አላቸው። አንድ ልዩነት መታወቅ ይኖርበታል፦ በአሜሪካ አብዛኞቹን የሕግ መጽሔቶች የሚያርሙት ተማሪዎች ናቸው፣ አንድ ጽሑፍም በአንድ ጊዜ ለብዙዎቹ ይላካል፤ በአውሮፓና በእኛ ዘንድ ጽሑፉን የሚመረምሩት የሙያ አቻዎች ስለሆኑ ለአንድ መጽሔት ብቻ ተልኮ መልስ ይጠበቃል። ከዚህ ተነስቶ ዓለም የደረሰ ሰውም አለ፤ ክንፈ ሚካኤል ይልማ ስለ ግላዊነትና ዓለም አቀፍ ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትሞታል።

ሁሉ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ፣ ጠበቆች ከቻትጂፒቲ ያገኟቸውን የሌሉ ፍርዶች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጡ፤ ስማቸው በሐሰት ለተጠቀሰው ዳኞችም ደብዳቤ እንዲጽፉ ታዘዙ። ብዙ ሰው ስለ ጉዳዩ አስተያየት ጻፈ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ግን በሚቀጥለው ዓመት ለጠበቆች ተብለው የሚሸጡትን መሣሪያዎች በጥያቄ ፈትነው ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆኑት ላይ የፈጠራ መልስ እንደሚሰጡ ለኩ። ይህን ዓይነቱን ሥራ ለእኛም እመኛለሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። እኔ ራሴ አንዱን መሣሪያ በአማርኛ ስለ ኪራይ ጉዳይ ጠይቄው የመዝገብ ቁጥር ያለው፣ አቀራረቡ የተስተካከለ ውሳኔ ሰጠኝ፤ ቅጾቹን አገላብጬ አጣሁት። የአንድ ሰው ገጠመኝ ማስረጃ አይሆንም። መቶ ጥያቄ አዘጋጅቶ መልሶቹን ከቅጾቹ ጋር ያመሳከረ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ በግምት የምናወራውን በቁጥር ይነግረን ነበር።

ዘርፉ ወደ እኛ በጣም በቀረበበት ቦታ ደግሞ ሐዘን አለበት። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ፤ ከዚያ በፊት በፌስቡክ ላይ ስማቸው እየተጠራ ጥላቻ ይሠራጭ ነበር። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ ከክሱ አንዱ ነጥብ ይዘትን መርጦ የሚያሠራጨው አልጎሪዝም ጥላቻውን አጉልቷል የሚል ነው። በሚያዝያ 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የዳኝነት ሥልጣን፣ የጉዳት ኃላፊነት፣ የምክንያትና የውጤት ማስረጃ፣ በአማርኛ የተጻፈን ዛቻ መለየት የሚችል ሥርዓት መኖር አለመኖሩ፤ ሁሉም በአንድ መዝገብ ውስጥ ነው። ይህን መዝገብ ቋንቋውንም ሕጉንም አውቆ የሚተነትን ሰው ከእኛ መካከል ካልወጣ ከየት ይመጣል?

በቤታችንም ሥራው ተጀምሯል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲም በዚያው ዓመት ጸድቋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ አመንጪ የሚለው በአእምሮው ሥራውን የፈጠረን ሰው ነው፤ በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ማሽን በፈጣሪነት የተጠቀሰበትን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጥታለች፤ ቢሮዋ የሚመረምረው ፎርሙን እንጂ ፍሬ ነገሩን ባለመሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንኑ ጥያቄ በ2023 አልተቀበለውም። ይህ ንጽጽር ብቻውን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በነጋሪት ጋዜጣችን አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የአሁኑ ቃላችን ደግሞ ገና አልጠራም። «ኃላፊነት» ስንል ሹመትም፣ ግዴታም፣ ካሳ መክፈልም ነው። «ግልጽነት» የምንለው የፕሮግራሙ ኮድ ለሕዝብ ይከፈት ማለት ነው ወይስ ነጋዴዋ የተከለከለችበትን ምክንያት በሚገባት ቋንቋ ትስማ ማለት? ነገ አንድ ረቂቅ አዋጅ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ አርቃቂዎቹ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሲከራከሩ፣ አንዷ ወጣት መምህርት አንቀጽ 2081ን ገልጣ፣ የሰበር ቅጾቿን ጎኗ አስቀምጣ፣ «ይህ ቃል እዚህ ከገባ ሸክሙ የሚያርፈው በነጋዴዋ ላይ ነው» ስትል ይታየኛል።