«ቤኔፊስዮ»፦ ጥቅም ወይስ መፈልፈያ?

የዲላና የይርጋ ጨፌ ቡናን የሚመለከት ጽሑፍ ከእስፓንኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሊሰናከልባቸው ከሚችሉት ቃላት አንዱ «ቤኔፊስዮ» ነው። ቃሉ «መልካም ማድረግ» የሚል ፍች ካለው ከላቲን የወረደ ሲሆን እንደ አገባቡ ሦስት ትርጓሜ ይሰጣል፤

1. በተለመደው አነጋገር፦ ጥቅም፣ ትርፍ፤
2. በማዕድን ሥራ፦ ማዕድኑን ከድንጋዩ አጣርቶ ማውጣት፤
3. በላቲን አሜሪካ የቡና ሥራ፦ ቡናን ለገበያ የማዘጋጀት ተግባር፣ ወይም ተግባሩ የሚፈጸምበት ቦታ።

ሦስተኛው ፍች በቅጽል ይከፈላል። «ቤኔፊስዮ ኡሜዶ»፣ ማለትም እርጥቡ፣ በጌዴኦ «እሸት ቡና መፈልፈያ» የሚባለው ነው፤ ቀዩ እሸት ተፈልፍሎ፣ ተብላልቶና ታጥቦ የሚሰጣው በዚያ ነው። «ቤኔፊስዮ ሴኮ»፣ ማለትም ደረቁ፣ መቀሸሪያና ማበጠሪያ ነው።

ስለዚህ በውል ላይ የሚገኘውን «የቤኔፊስዮ ክፍያ» «የጥቅም ክፍያ» ማለት የውሉን ሐሳብ ያፋልሳል። «ማቀነባበሪያ» የሚለውም ቢሆን የተሟላ አይደለም፤ እሸት የሚረከበውን ጀንፈል ከሚቀሽረው አይለይምና። ገበሬው እሸቱን ወይስ ጀንፈሉን እንደሸጠ የሚታወቀው በዚህ ልዩነት ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው አስቀድሞ ቅጽሉን ይመርምር፤ ቅጽል ከሌለም የቡናውን ሁኔታ ከዐረፍተ ነገሩ ይፈልግ።