ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን

ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን ባለቤቱ ምዝገባውን ሳያሳድስ የተወው የድረ ገጽ ስም ነው። የዶሜይን ስም ለዘለቄታ አይገዛም፤ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል። በ«ዶት ኮም» ስሞች ምዝገባው ከተሰረዘ በኋላ የቀድሞው ባለቤት ስሙን በተጨማሪ ክፍያ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለው። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ብዙ ገዢዎች የሚፈልጉት ስሙን ሳይሆን ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እሱ የሚመሩትን የቆዩ መያያዣዎች ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቁት የጉግል ፔጅራንክ መያያዣን እንደ ድምፅ ይቆጥራል፤ የታወቀ ገጽ ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ስለዚህ የተዘጋ የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅትን ስም የገዛ ነጋዴ ሌሎች ለድርጅቱ የሰጡትን አመኔታ ሊወርስ ይሞክራል። የሚታለለው ምክር ፍለጋ መጥቶ መድኃኒት ሻጭ የሚያገኘው አንባቢ ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ይህን አሠራር በስም ጠቅሶ ከለከለ። ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ በቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ የቁማር ጽሑፍ ማውጣት ነው። በአሮጌ ስም ለሰው የሚጠቅም አዲስ ድረ ገጽ መክፈት ግን አልተከለከለም። ሆኖም ስሙ ቀድሞ በጉግል ተቀጥቶ ከነበረ፣ ቅጣቱ ለአዲሱ ባለቤትም ሊተርፍ ይችላል።