«ምጣዱ ይነዝራል፣ ጫማ አድርገሽ ጋግሪ»፦ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደህንነት እንዴት ይፈተሻል?

ይህቺን ንግግር ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ምጣዱ፣ ካውያው ወይም ፍሪጁ ሲነካ ነዘር ያደርጋል። ቤተሰቡም ለምዶታል፤ ነጠላ ጫማ ይደረግና ሥራው ይቀጥላል።

ለመሆኑ ይህንን ምጣድ የደህንነት መሐንዲስ ቢያየው ምን ይል ይሆን? ዛሬ ብዙም የማይወራላቸውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ፈታሾች ሥራ እናያለን። ሥራቸው ገራሚ ነው፤ አዲስ ዕቃ ተቀብለው ሆን ብለው ያበላሹታል።

👉 የሚጠይቁት ምንድን ነው?

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ዕቃውን ሰክቶ ያሳየናል። በራ? ሠራ? በቃ፣ ገዛን። ፈታሹ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ከውስጡ አንድ ነገር ቢበላሽ ሰው ይጎዳል ወይ?»

በብዙ አገሮች ለቤት ዕቃዎች መነሻ የሚሆነው መመዘኛ አይ ኢ ሲ 60335 ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በሰውና በኤሌክትሪክ መካከል ሁለት መከላከያ ይኑር፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያድን።

▪️ የብረት አካል ባላቸው ዕቃዎች ላይ የመጀመሪያው መከላከያ ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ከብረቱ የሚለየው ሽፋን ነው። ሁለተኛው የመሬት ሽቦ ነው፣ ኤርዝ ወይም ግራውንድ የምንለው። ኤሌክትሪክ አምልጦ ወደ ብረቱ ቢያልፍ በሰው ሳይሆን በዚህ ሽቦ ይሄዳል። የሚያመልጠው ብዙ ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል።

▪️ እንደ ስልክ ቻርጀር ያሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመሬት ሽቦ የላቸውም። በምትኩ ድርብ ሽፋን አላቸው። ቻርጀራችሁን ገልብጡና እዩት፤ በትልቅ አራት ማዕዘን ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን ካለ ትርጉሙ ይኸው ነው።

👉 ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል?

አንድ የውሃ ማፍያ ለፍተሻ ገባ እንበል።

1. በ«ጣት» ይነካል። የሰው ጣት አምሳያ የሆነ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ መገጣጠሚያው የሚታጠፍ መሣሪያ አለ። በየቀዳዳው ይሞከራል። ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ከነካ ዕቃው ወደቀ።

2. የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ይለካል። የመሬት ሽቦ ላለው ተንቀሳቃሽ ዕቃ ጣሪያው 0.75 ሚሊ አምፔር ነው። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም፤ ሰው መንዘሩን መስማት የሚጀምረው 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። 10 አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል። ከ30 በላይ ሲሆን ልብን ሊያቆም ይችላል።

3. የመሬት ሽቦው ይፈተናል። ቢያንስ 25 አምፔር የሚሆን ኃይል ይላክበታል። ተቃውሞው ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። ሽቦው ስላለ ብቻ አያልፍም፤ በደንብ መያያዝ አለበት።

4. ሽፋኑ በከፍተኛ ቮልት ይፈተናል። ድርብ ሽፋን ያለው ዕቃ ለአንድ ደቂቃ 3,000 ቮልት ይለቀቅበታል። ቤታችን የሚገባው 220 ነው።

5. ከዚያ «ማሰቃየቱ» ይመጣል። የውሃ ማፍያው ያለ ውሃ ይበራል። ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል እንዳይሠራ ይደረጋል። ጁስ መፍጫ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ እንዳይዞር ተይዞ ይለቀቃል። ዕቃው ቢቃጠልና ዳግም ባይሠራ ችግር የለውም። መጥፋት የሌለበት ሰው ነው፤ ነበልባል መውጣት የለበትም፣ ብረቱም ኤሌክትሪክ መያዝ የለበትም።

6. ፕላስቲኩ በጋለ ሽቦ ይነካል። እንደ ክፍሉ ዓይነት እስከ 750 ዲግሪና ከዚያ በላይ የጋለ ሽቦ ለ30 ሰከንድ ይደገንበታል። እሳት ቢይዝ እንኳ ሽቦው ሲነሳ ቶሎ መጥፋት አለበት።

👉 ታዲያ ምጣዱስ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የምጣዱ ሸክላ ሲሰነጠቅ ሊጥና ውሃ ወደ ሽቦው ሊሰርግ ይችላል። ኤሌክትሪኩም በእርጥበቱ በኩል ወደ ብረቱ አካል ያመልጣል። የመሬት ሽቦው ቢሠራ ኖሮ ያመለጠው በዚያ በኩል በሄደ ነበር።

ስለዚህ ምጣዱ ሲነዝራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም መከላከያዎች አልሠሩም ማለት ነው። የቀረው መከላከያ ነጠላ ጫማው ነው። ወለሉ የረጠበ ቀን፣ ወይም አንዱ እጅ ምጣዱ ላይ ሌላው ቧንቧ ላይ ያረፈ ቀን፣ ጫማው አያድንም። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን ደግሞ ጫማውም የለውም።

👉 የመሬቱን ሽቦ ማን ቆረጠው?

ብዙ ጊዜ እኛው ነን።

▪️ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ዲቫይደር፦ የዕቃው ስፒና ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ብረት የመሬት ሽቦው ነው። ዲቫይደሩ በዚያ ቦታ ብረት ከሌለው መስመሩ እዚያው ተቋረጠ።

▪️ ከዱባይ የመጣ ዕቃ፦ ስፒናው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። ትልቁ እግር የመሬቱ ነው። ርካሹ ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ብዙ ጊዜ እሱን ከምንም ጋር አያገናኘውም።

▪️ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ፦ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል የውሃ ማፍያ ወይም ካውያ 220 ላይ ሲሰካ ከተሠራለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል። አዳፕተር የሚቀይረው እግሩን እንጂ ቮልቱን አይደለም። «100-240» የሚል ከሆነ ግን ችግር የለውም።

▪️ ምጣድ በኤክስቴንሽን፦ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። 10 አምፔር የሚል ኤክስቴንሽን ላይ ከሰካችሁት ገመዱ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል።

👉 «ሲ ኢ የሚል አለው» ማለት ተፈትሿል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሲ ኢ የአውሮፓ ምልክት ነው። ለአብዛኞቹ የቤት ዕቃዎች አምራቹ «መስፈርቱን አሟልቻለሁ» ብሎ በራሱ ኃላፊነት የሚለጥፈው ነው። በ1894 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው ዩ ኤል ግን ከአምራቹ ውጭ ያለ ፈታሽ ነው። ሁለቱም ምልክቶች ሐሰተኛ አላቸውና ምልክት ብቻ አይታችሁ አትመኑ። በአገራችን ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ደግሞ የፍተሻ አገልግሎት ይሰጣል።

👉 ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

✅ የሚነዝር ዕቃ ካለ በመጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ዕቃውን ንቀሉ። ሳይጠገን አይሰካ።
✅ ባለሙያ ስትጠሩ «ምጣዱን ሥራልኝ» ብቻ አትበሉ። «የቤቱ የመሬት መስመር ይሠራል ወይ? ለክልኝ» በሉት። መስመሩ ከሌለ ጥሩ ሶኬት ብቻውን ምንም አያደርግም።
✅ አቅም ከፈቀደ 30 ሚሊ አምፔር አር ሲ ዲ አስገጥሙ። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በቅጽበት ያጠፋል። ተራው ብሬከር ግን ሰው ሲያዝ ላይሰማው ይችላል።
✅ ለምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ይህንን ጽሑፍ ቤት ውስጥ ለሚጋግሩት እናቶችና እህቶች አንብቡላቸው። መንዘር የዕቃው ጠባይ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።