በስለት ወይስ በክብደት? የፍላጻ አደን ሸሪዓዊ ብይን

ከአንድ ቀስት ከሚወረወሩ ፍላጻዎች ከባዱ ይዘገያል፤ ሆኖም ኃይሉን ቶሎ ስለማያጣ ጠልቆ ይወጋል። ቀላሉ ፈጥኖ ይደርሳል፤ አጥንት ሲያጋጥመው ግን ይደክማል። ስለዚህ አዳኝ የፍላጻውን ክብደት ከቀስቱ ጉልበትና ከእንስሳው ግዝፈት ጋር ያመዛዝናል። ፊቅህ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ እንስሳውን የገደለው ስለቱ ነው ወይስ ክብደቱ?

የጥያቄው መሠረት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ) ሐዲሥ ነው። ዐዲይ ስለ ሚዕራድ፣ ብዙዎች ላባ የሌለው ፍላጻ ሲሉ ስለፈቱት መሣሪያ፣ ጠየቁ። ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) በስለቱ የወጋው እንዲበላ፣ በጎኑ መትቶ የገደለው ግን እንዳይበላ አስተማሩ። የኋለኛው በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 3 እርም ከተደረገው፣ ተደብድቦ ከሞተው እንስሳ (መውቁዛህ) ይመደባል። የሻም ሊቃውንት መክሑልና አል-አውዛዒይ ሁለቱንም ፈቅደዋል፤ አራቱ መዝሀቦች ግን ልዩነቱን አጽንተዋል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። ክብደት ስለቱን እስካገዘ ድረስ አይነቀፍም፤ ስለቱን ከተካ ግን አደኑን ያበላሻል። ለወፍ የሚወረወር ደነዝ ጫፍ ያለው ፍላጻ፣ ቢስሚላህ ቢባልበትም፣ በምት ብቻ የገደለው አይበላም፤ በሕይወት ተደርሶበት የታረደው ግን ሐላል ነው።